«እሱ እኮ ፍሌግማቲክ ነው»

ከመዝሙር ልምምድ በኋላ ጁስ ቤት ተቀምጣችሁ ይህን ጨዋታ ሳትጫወቱት አልቀራችሁም። አንዱ «እስቲ እኔን ገምቱኝ» ይላል። ሌላው ሳያስብ «አንተማ ምን ይጠየቃል፣ ሳንጉዊን ነህ፤ ከበር ሳትገባ ድምፅህ ይቀድምሃል» ይለዋል። ተራው ይዞራል። ወንበር የምታስተካክለዋ፣ ሒሳብ የምትሰበስበዋ ልጅ ኮሌሪክ ትባላለች። ግጥም የሚጽፈውና የተሳሳተውን ሲያስብ እንቅልፍ የሚያጣው ሜላንኮሊክ ነው። ጥግ ይዞ፣ ፈገግ ብሎ ሁሉንም የሚያዳምጠው ደግሞ ፍሌግማቲክ። ጁሱ ያልቃል፤ ማንም አልተቀየመም። ፍሌግማቲኩ ምን እንደተሰማው የጠየቀው የለም፤ ፍሌግማቲክ አይቀየምማ!

እኔም ተጫውቼዋለሁ። ከመጫወትም አልፌ በወጣቶች ኅብረታችን ውስጥ «ሰው ያነብባል» እየተባልኩ ተመስግኜበታለሁ። ዛሬ ስለ ጨዋታውና በወንጌላውያን ዘንድ ካስፋፉት መጻሕፍት ስለ ዋነኛው ልጽፍላችሁ የተነሣሁት ግን ያ ሙያዬ ስላሳፈረኝ ነው። ወደዚያ እደርሳለሁ። መጀመሪያ መጽሐፉን አብረን እንይ።

ቲም ላሄይ በካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ ከተማ ፓስተር ነበር። ብዙዎቻችሁ ስሙን የምታውቁት ከጄሪ ጄንኪንስ ጋር ሆኖ ስለ መጨረሻው ዘመን በጻፋቸው ልብ ወለዶች ይሆናል። ከእነዚያ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቀድሞ፣ በ1966 እ.ኤ.አ.፣ በመንፈስ ቅዱስ ስለሚገዛ ጠባይ አንድ አነስ ያለ መጽሐፍ አሳተመ። አሳቡን ያገኘው ከኖርዌያዊው የሥነ መለኮት መምህር ከኦሌ ሃለስቢ ነው፤ ስለ ጸሎት በጻፈው መጽሐፍ የሚታወቀው፣ በናዚ ወረራ ዘመን የታሰረው ሃለስቢ። ላሄይ በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ተለወጡ ጠባዮች ሌላ መጽሐፍ ጨመረና አራቱን ዓይነቶች ለአራት የመጽሐፍ ቅዱስ ሰዎች አደላቸው፦ ጴጥሮስን ለሳንጉዊን፣ ጳውሎስን ለኮሌሪክ፣ ሙሴን ለሜላንኮሊክ፣ አብርሃምን ለፍሌግማቲክ።

አራቱ ስሞች ግን የላሄይም የሃለስቢም አይደሉም። ከጥንታውያን ግሪኮች ሕክምና የመጡ ናቸው። በሁለተኛው መቶ ዘመን የነበረው ሐኪም ጋሌን ከሱ በፊት ከነበሩት ተቀብሎ እንዳስፋፋው፣ የሰው አካል አራት ፈሳሾች አሉት፤ ደም፣ ቢጫ ሐሞት፣ ጥቁር ሐሞትና አክታ። የበዛው ፈሳሽ ጠባይን ይወስናል ተባለ። ስለዚህ ጓደኛችሁን «ሜላንኮሊክ» ስትሉት፣ በቃሉ ትርጉም «ጥቁር ሐሞት በዝቶበታል» ማለታችሁ ነው፤ «ፍሌግማቲክ» ስትሉት ደግሞ «አክታ በዝቶበታል»። አትሳቁ፤ እኛም እኮ «ሐሞተ ኮስታራ»፣ «ደሙ ፈላ»፣ «ሐሞቱ ፈሰሰ» እንላለን። ልዩነቱ እኛ እንዲህ ስንል ምሳሌ መሆኑን እናውቃለን። ሕክምናው ፈሳሾቹን ከጣለ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ስሞቹ ግን ባለቤታቸው እንደሞተ ቤት ቀሩ፣ ሌላ ሰውም ገባባቸው።

ለላሄይ ፍትሐዊ እንሁን። መጽሐፉ ሞኝ መጽሐፍ አይደለም። ማንም ሰው አንድ ዓይነት ብቻ እንዳልሆነ፣ ሁላችንም ቅይጥ እንደሆንን ይናገራል። አንዱ ጠባይ ከሌላው እንደማይበልጥ፣ ሁሉም ብርታትና ድካም እንዳለው ደጋግሞ ይጽፋል። ዋናው ክርክሩም ስለ መገመት አይደለም፤ ገላትያ ላይ የተዘረዘሩት ዘጠኙ የመንፈስ ፍሬዎች የእያንዳንዱን ጠባይ ድካም ይሞላሉ የሚል ነው። ቁጣና ፍርሃት የክርስቲያንን ሕይወት እንዴት እንደሚያሰናክሉ የጻፈው ከሁሉ የሚሻለው ክፍል ይመስለኛል። ዝም የሚል ልጅ «ዝምታዬ ኃጢአት አይደለም» ብሎ የተነፈሰበት መጽሐፍ ነውና ይህን ውለታ አልክድም። ችግሩ አንባቢ ከመጽሐፉ ይዞ የሚወጣው የትኛውን ነው የሚለው ነው። ዘጠኙን ፍሬ ያስታወሰ ጓደኛ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። አራቱን ስም የረሳም አልገጠመኝም።

አሁን ወደ አነባበቡ እንግባ፤ ይህ መጽሔት የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ነውና። ላሄይ የመጽሐፍ ቅዱስን ሰዎች እንዴት አነበባቸው?

ጴጥሮስን ውሰዱ። ሳይጠየቅ የሚመልስ፣ ውኃ ላይ የሚዘል፣ ሰይፍ የሚመዝ ሰው ነውና ሳንጉዊን መባሉ ደስ ይላል። ግን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12ን ክፈቱ። ሄሮድስ ያዕቆብን ገድሏል፤ ጴጥሮስ በማግስቱ ለፍርድ ሊቀርብ ነው፤ በሁለት ወታደሮች መካከል በሰንሰለት ታስሮ ተኝቷል። መልአኩ ጎኑን እስኪነካው ድረስ አልነቃም። ያ የሚቅበጠበጠው ሰው ነው ይህ? አብርሃምን ውሰዱ። ለሎጥ «አንተ ምረጥ» ያለው፣ ጠብ የማይወደው ሰው ፍሌግማቲክ ቢባል አይገርምም። ዘፍጥረት 14 ላይ ግን ይኸው ሰው የወንድሙ ልጅ መማረኩን ሲሰማ በቤቱ የተወለዱ 318 ሰዎችን አስታጥቆ እስከ ዳን ድረስ ያሳድዳል፤ ሠራዊቱን ከፍሎም በሌሊት ይመታል። ቀዝቃዛ ሰው የሚያደርገው ነው? ጳውሎስ ደግሞ ለኤፌሶን ሽማግሌዎች በእንባ እንዳገለገለ የነገራቸው፣ ለተሰሎንቄ ሰዎች ልጆቿን እንደምትንከባከብ ሞግዚት እንደሆነላቸው የጻፈላቸው ሰው ነው። ኮሌሪክ እንባ የለውም አልልም፤ ግን ይህን ሁሉ የሚያጠቃልል ስም ስም ሆኖ ይቀራል ወይ?

«መንፈስ ቅዱስ ስለለወጣቸው ነው» ልትሉኝ ትችላላችሁ፤ የመጽሐፉም ርዕስ ይህንኑ ይላል። መልሱ ለጴጥሮስ ይሠራ ይሆናል። አብርሃም ግን ጦር ይዞ የወጣው ገና በምዕራፍ 14 ነው፤ በግብፅ ፈርቶ ሚስቱን እኅቴ ናት ካለ ከሁለት ምዕራፍ በኋላ፣ በጌራራ ያንኑ ከመድገሙ ከስድስት ምዕራፍ በፊት። መለወጥ ከሆነ ወደፊትም ወደኋላም የሚሄድ መለወጥ ነው። ደግሞም አስተውሉ፦ ለስሙ የሚስማማ ነገር ሲገኝ «ጠባዩ ነው» ካልን፣ የማይስማማው ሲገኝ «ጠባዩ ተለውጦ ነው» ካልን፣ በምንም ልንሳሳት አንችልም። የማይሳሳት አነባበብ ደግሞ ማንበብ አይደለም።

የእኔ ምስክር ማርታ ናት። በሉቃስ 10 ያለችውን ማርታ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ በብዙ አገልግሎት የባከነችው፣ እኅቷን የከሰሰችው። ስንት ሴት «አንቺማ ማርታ ነሽ» ተብላ ከወጥ ቤት ሳትወጣ ቀረች! አሁን ዮሐንስ 11ን አንብቡ። አልዓዛር ሞቷል። ኢየሱስ እየመጣ መሆኑ ሲሰማ ተነሥታ ልትቀበለው የወጣችው ማርታ ናት፤ ማርያም ቤት ተቀምጣለች። መንገድ ላይ ቆማ ስለ ትንሣኤ የተነጋገረችው፣ እርሱ ክርስቶስ፣ የእግዚአብሔር ልጅ መሆኑን የመሰከረችው ያቺው «የወጥ ቤት ሴት» ናት። በምዕራፍ 12 ደግሞ እንደገና ስታገለግል እናያታለን፤ በዚህ ጊዜ ሳታጉረመርም። ወንጌላውያኑ አንድ ቃል እንኳ ስለ ዓይነቷ አልነገሩንም። ያደረገችውን፣ የተናገረችውን፣ መቼና የት እንደሆነ ጽፈው ተዉልን። ሦስቱን ቦታ ሳያነብብ ማርታን አውቃታለሁ የሚል ሰው የሚያውቀው አንድ ከሰዓት በኋላዋን ብቻ ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁም «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲጽፉ ይህን ያውቁ ነበር። አገሬው ካሣን አይቶ፣ አነጋገሩን ሰምቶ «ጉዱ» ብሎ ስም አወጣለትና ማዳመጥ አቆመ። ስም ከወጣ በኋላ ማዳመጥ ምን ያደርጋል? አንባቢው ግን ያዳምጠዋል፤ አዳምጦም ከመንደሩ ሁሉ ስለ መንደሩ አጥርቶ የሚያስበው እሱ መሆኑን ያገኛል። ያን ልብ ወለድ አንብበን ለጉዱ ካሣ እያዘንን፣ ዞር ብለን ለአጠገባችን ልጅ ስም እናወጣለን።

እኔ ያወጣሁትን ስም ልንገራችሁ። በኅብረታችን አንድ ልጅ ነበር። እሑድ ከሰዓት ይመጣል፣ ከኋላ ይቀመጣል፣ የመጨረሻው «አሜን» ሲባል የለም። ጁስ ቤት አንድም ቀን አብሮን ገብቶ አያውቅም። ሲያናግሩት ፈገግ ይላል፤ አሳብ ሲጠየቅ «እናንተ እንዳላችሁ» ይላል። ላሄይን ያነበበ ሰው እንዲህ ያለውን ለመገመት ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። እኔም አልፈጀብኝም። አንድ ዓመት ለክረምቱ ካምፕ አስተባባሪ ስንመርጥ አንዲት እኅት የእሱን ስም አነሣች። «እሱ እኮ ፍሌግማቲክ ነው፤ ኃላፊነት ይከብደዋል» አልኩ። ሁለት ሰዎች ሳቁ፣ ወደ ሚቀጥለው ስም አለፍን።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በአንድ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን ሌሊቱን ስናወራ ነገሩን ሰማሁ። አባቱ ከሞተ ጀምሮ ዳቦ ቤት የሌሊት ሥራ ይሠራ ነበር። ሦስት ታናናሾቹን የሚያስተምረው እሱ ነው። «አሜን» እንደተባለ የሚወጣው ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ በእግሩ ሄዶ ለሥራ ለመድረስ ነው፤ የታክሲዋ ገንዘብ ለደብተር ትፈለጋለች። ለጁስ ማዋጣት ስለማይችልና እንዲጋብዙትም ስላልፈለገ ነው ያልገባው። እርጋታው፣ ያ የምናደንቀው ፈገግታ፣ እንቅልፍ ነበር። ኃላፊነት ይከብደዋል ያልኩት ሰው በሃያ አንድ ዓመቱ ቤት ያስተዳድር ነበር።

«ምርጫው ቀን የተባለውን ሰምቻለሁ» አለኝ፣ ሳይቆጣ። «በሩ ክፍት ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን አንድ ጥናት ስነግራችሁ ራሴን ለማጽናናት እንዳይመስላችሁ፤ ይልቁን ያመኛል። ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። በፕሪንስተን የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት 40 ተማሪዎችን ወደ ሌላ ሕንፃ ሄደው አጭር ንግግር እንዲያደርጉ ላኳቸው። ግማሾቹ ንግግራቸው ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር። መንገዳቸው ላይ አንድ ሰው ተኮራምቶ፣ እያሳለና እያቃሰተ እንዲቀመጥ ተደርጓል። ማን ይቆማል? ስለ ሳምራዊው የሚሰብክ መሆን አለመሆኑ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ለውጥ ያመጣው ሰዓት ነው። ጊዜ አለህ ከተባሉት 63 በመቶው አንድ ዓይነት እርዳታ አደረጉ፤ በጣም ዘግይተሃል ከተባሉት ግን 10 በመቶው ብቻ። ከመንገዱ ዳር ቆሞ የሚያያቸው ሰው አንዱን «ሩኅሩኅ»፣ ሌላውን «ልበ ደረቅ» ብሎ ይመድባቸው ነበር። እነሱ ግን የተለያዩት ከመነሳታቸው በፊት በሰሙት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የሚቸኩልን ሰው ስናይ ችኮላውን እናያለን፤ የሚያስቸኩለውን አናይም።

እንግዲያስ ግምታችን ይህን ያህል ከሳተ፣ ሲነገረን ለምን «ልክ ነው፣ እኔው ነኝ!» እንላለን? ለዚህ በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር በ1948 እ.ኤ.አ. ያደረገውን ማወቅ ይበቃል። ለ39 ተማሪዎቹ የጠባይ ፈተና ሰጠ፤ ከሳምንት በኋላ ለእያንዳንዳቸው «የግል ውጤትህ ይኸውልህ» ብሎ ወረቀት አደለ፤ ምን ያህል እንደገለጻቸው ከ5 ነጥብ እንዲሰጡ ጠየቀ። አማካዩ 4.26 ሆነ። ከዚያ እውነቱ ወጣ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ። አብዛኞቹን ዓረፍተ ነገሮች የቀዳው በየጋዜጣ መሸጫው ከሚገኝ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነበር። በስም ፊደል ኮከብ የሚቆጥር ሰው ቤት ደጃፍ የማንረግጥ እኛ፣ ከጁስ ጋር የምንጠጣው ምን እንደሆነ ብናስብበት ደግ ነው።

ታዲያ ጓደኛን ከዕለት ኑሮው ማወቅ አይቻልም ማለቴ ነው? አይደለም። ብል እዋሻለሁ። ሳም ጎስሊንግና ባልደረቦቹ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የማያውቁትን ሰው መኝታ ክፍል ብቻ ያዩ ሰዎች ስለ ባለቤቱ ከገመቱት ጥቂት የማይባለው ልክ ሆኖ ተገኝቷል። ሰውየው ለአዲስ አሳብ ያለው ፍላጎት በደንብ ተነበበ፤ ሥርዓት አክባሪነቱም እንዲሁ በመጠኑ። ደግነቱ ግን ከክፍሉ ብዙም አልተነበበም። እንዲህ ያሉ ጥናቶች ሰውን በአራት ሳጥን አይከቱም፤ በአምስት ጠባዮች እያንዳንዱን ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ይለኩታል፤ አብዛኛውም ሰው መካከል ላይ ይገኛል። ሲሚን ቫዚር ደግሞ በ2010 እ.ኤ.አ. ለእኔ የጠቀመኝን ነገር አሳይታለች። አንድ ሰው ምን ያህል ተናጋሪ እንደሆነ እሱም ጓደኞቹም ያውቁታል። ምን ያህል ብልህ እንደሆነ ጓደኞቹ ይሻላሉ። ምን ያህል እንደሚጨነቅ ግን ከጓደኞቹ ይልቅ ራሱ ያውቃል።

ይህችን የመጨረሻዋን ደግማችሁ አንብቧት። ድምፁ የሚቀድመውን ልጅ ተጫዋች ብንለው አልተሳሳትንም፤ ይህን ታክሲ ረዳቱም ያውቃል። ልክ የማንሆነው ሊረዳን በሚገባን ቦታ፣ በጭንቀቱ ላይ ነው። የእኔን ጓደኛ ዝምታውን አይተን ዝምተኛ ብንለው ልክ ነበርን። ከዝምታው ተነሥተን ሸክም የሌለበት ሰው ነው ስንል ነው ገደል የገባነው። ያንን ሊነግረን የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ነበር፤ አራት ዓመት ሙሉ «ከዚህ ወዴት ትሄዳለህ?» ያለው አልነበረም።

ስለዚህ የላሄይን መጽሐፍ ካገኛችሁት አንብቡት፤ ለራሳችሁ አንብቡት። ቁጣና ፍርሃት ያለበትን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት። ጓደኛችሁን መገመት ካማራችሁም ገምቱ፣ መቼም አትተዉትም፤ ግን ማርታን እንደምታነቡ ሦስት ቦታ ሳታዩት አትናገሩ፦ ደክሞትና አርፎ፣ ቤቱና ከቤቱ ውጭ፣ ገንዘብ ሲኖረውና ሲያጣ። ስም ሲመረጥ ደግሞ ጨዋታው ቢቀር ይሻላል፤ ሰውየውን ጠርቶ «ትችላለህ ወይ?» ማለት አለ።

ያን ሌሊት ለቅሶ ቤቱ፣ ይቅርታ ከጠየቅሁት በኋላ፣ «አንተስ እኔን ምን ብለህ ትገምተኛለህ?» አልኩት። ሳንጉዊን ይለኛል ብዬ ነበር፤ እንደ ሌላው ሰው። ትንሽ አሰበና፣

«ግጥሙን ስትረሳ ማይኩን ከአፍህ ራቅ ታደርጋለህ» አለኝ። «ሰው አያውቅብህም። ከኋላ ስለምቀመጥ አያለሁ።»